ጠብታው ሲቆም፦ የተጣበቀ የቦይለር ቫልቭ ለምን ያሳስበናል?

በከተማ ቤቶቻችን መታጠቢያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ፣ በተለምዶ «ቦይለር» የምንለው፣ ሥራውን በጸጥታ የሚያከናውን ዕቃ ነው። ማታ ይበራል፤ ማለዳ ሙቅ ውኃ ይሰጣል፤ ከዚያም ይረሳል። ከሥሩ፣ ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ፣ በአንድ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ አነስተኛ የነሐስ ቫልቭ ተገጥሞ ይገኛል። ስለዚህ ቫልቭ በየቤቱ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ያንጠባጥባል» የሚል። ለቅሬታው የሚሰጠው መፍትሔም እንዲሁ የተለመደ ነው። አንዳንዱ የመውጫውን ቀዳዳ በጨርቅ ይወትፋል፤ ሌላው መክደኛ ያጠብቅበታል፤ ሌላው ደግሞ ቫልቩን ጨርሶ አውጥቶ በቦታው ተራ መጋጠሚያ ያስገባል። ጠብታው ይቆማል፤ ወለሉ ይደርቃል፤ ቤተሰቡም እፎይ ይላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው። ውኃው በሚሞቅበት ሰዓት የሚያንጠባጥብ ቫልቭ በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ ያለ ቫልቭ ነው። ሊያሳስበን የሚገባው ማንሻው ሲነካ የማይንቀሳቀስ፣ በኖራና በዝገት ተጣብቆ የቀረው ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚያስፈልገው እውቀት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያልፍ አይደለም።

ቫልቩ ምን ይሠራል?

በቦይለሩ መግቢያ ላይ የሚገጠመው ቫልቭ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራዎችን በአንድ አካል አጣምሮ የያዘ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ወደ በርሜሉ የገባው ውኃ ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስ ማገድ ነው። የመንገድ ውኃ በሚቋረጥበት ጊዜ በርሜሉ ባዶ ሆኖ የማሞቂያው ሬዚስታንስ እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ይህ ክፍል ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ሥራው ግፊትን ማስተንፈስ ነው።

የማስተንፈሻው አሠራር ቀላል ነው። አንድ ክብ የጎማ መዝጊያ በነሐስ መቀመጫ ላይ ያርፋል፤ ከጀርባው አንድ ሞላ ወደ መቀመጫው ይጫነዋል። የውኃው ግፊት ከሞላው ጉልበት እስካላየለ ድረስ መዝጊያው አይነሣም። ለቤት ቦይለሮች የሚሠሩ ቫልቮች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት ከ7 እስከ 8 ባር በሚደርስ ግፊት ነው። የመዝጊያው ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 8 ባር ማለት 80 ኒውተን ነው፤ ይኸውም 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከሚያሳርፈው ጫና ጋር ይቀራረባል። ይህ ለአንድ ትንሽ ሞላ የሚከብድ አይደለም። ያው 8 ባር ግፊት ግን አግድም ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ የበርሜል ክዳን ላይ ሲያርፍ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ጫና ይሆናል። ትንሹ ቫልቭ በ8 ኪሎ የሚፈጽመውን ሥራ ካልፈጸመ፣ ትልቁ በርሜል በ10 ቶንና ከዚያም በላይ ሊሸከመው ይገደዳል ማለት ነው።

ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል

ውኃ ሲሞቅ ይዘቱ ይጨምራል። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውኃ ተሞልቶ እስከ 60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ የውኃው ይዘት በ1.6 በመቶ ገደማ ያድጋል። በመቶኛ ሲነገር ያነሰ ይመስላል፤ በሊትር ሲሰላ ግን 1 ሊትር ከሩብ ነው። ይህ ትርፍ ውኃ የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት።

ቦይለሩ ከጣሪያ ላይ ታንከር ውኃ የሚቀበል ከሆነና በመካከሉ የሚያግድ ነገር ከሌለ፣ ትርፉ ውኃ በመጣበት ቧንቧ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ስለዚህ እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ቫልቩ ባያንጠባጥብ የሚያስገርም አይሆንም። የማይመልስ ቫልቭ ከተገጠመ ግን የኋላው በር ዝግ ነው። የሙቅ ውኃው ቧንቧም ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ ያድራል። ያኔ የሚቀረው መውጫ የማስተንፈሻው ቫልቭ ብቻ ይሆናል። ማታ ቦይለሩ ሲሞቅ የምናየው ጠብታ እንግዲህ ያ 1 ሊትር ከሩብ ነው፤ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ይህ መውጫም ቢዘጋስ? ውኃ እንደ አየር የሚጨመቅ ነገር አይደለም። ፍጹም ግትር በሆነና አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ የተዘጋ ውኃ በ40 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ፣ ግፊቱ በ8 ባር ገደማ ይጨምራል። 8 ባር የ80 ሜትር ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ከታች የሚፈጥረው ግፊት ነው። ከቦይለሩ 5 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ የጣሪያ ታንከር የሚፈጥረው ግማሽ ባር ብቻ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። እርግጥ እውነተኛ በርሜል ፍጹም ግትር አይደለም። ብረቱ በመጠኑ ይለጠጣል፤ በአናቱ የተያዘ ጥቂት አየርም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጭማሪው ከስሌቱ ያነሰ ነው። ሆኖም በርሜሉ በየቀኑ ሲወጠርና ሲረግብ የውስጡ የኢናሜል ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ውኃው ብረቱን ያገኘዋል፤ ዝገት ይጀምራል። ቫልቩ የተወተፈበት ቦይለር ብዙ ጊዜ ዕድሜው የሚያጥረው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ደረጃ ጉዳቱ ገና የገንዘብ ጉዳት ነው። ከዚህ የሚከፋም አለ።

ከነጥበ ፍሌት በላይ የሞቀ ውኃ

ውኃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን በላዩ ባለው ግፊት ይወሰናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በክፍት ድስት ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ግን ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ነጥበ ፍሌቱም አብሮ ይወጣል። በ8 ባር ገደማ ውኃ እስከ 170 ዲግሪ ድረስ ሞቆ ሳይፈላ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ባቄላና ሥጋ በፕሬዠር ድስት ቶሎ የሚበስሉበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በጤናማ ቦይለር ውስጥ ውኃ እስከዚህ አይሞቅም፤ ቴርሞስታቱ በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ነገር ግን ቴርሞስታት ዘላለማዊ አይደለም። በውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ለዓመታት ሲከፈቱና ሲዘጉ በብልጭታ ይቃጠላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ ተበየዱ ተጣብቀው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም። ብዙ ቦይለሮች ለዚህ ሁለተኛ ጠባቂ፣ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ ማቋረጫ አላቸው። ይሁን እንጂ ይህ ማቋረጫ በተደጋጋሚ ሲያስቸግር ሽቦውን «ዳይሬክት» አድርጎ ማለፍ በየሰፈሩ የሚታይ ጥገና ነው።

እስቲ ሁለቱ ጠባቂዎች እንደ ሌሉ ቆጥረን እናስላ። 80 ሊትር የሚይዝና 1,500 ዋት የሚስብ ቦይለር ማታ በርቶ ተረሳ እንበል። በበርሜሉ ግድግዳ የሚባክነውን ሙቀት ካልቆጠርን፣ ውኃው ከ60 ዲግሪ ተነሥቶ 92 ዲግሪ ለመድረስ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ 150 ዲግሪ ለመድረስ ደግሞ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ድምሩ ከ5 ሰዓት ተኩል በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

አሁን በርሜሉ፣ ምናልባት በዝገት በሳሳ ብየዳ በኩል፣ ድንገት ቢቀደድ ምን ይሆናል? ውኃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በውኃ ይጥለቀለቅ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። በ150 ዲግሪ ያለ ውኃ ግን ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድ በፈሳሽነት ሊቆይ አይችልም። ወደ 92 ዲግሪ ለመውረድ ትርፍ ሙቀቱን በቅጽበት ይለቃል፤ ከክብደቱም አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 1 ኪሎ ግራም ውኃ ተንኖ ሲያልቅ 2,200 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ ከቦይለሩ የሚነሣው 8 ኪሎ ግራም ገደማ እንፋሎት ከ17 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ መታጠቢያ ክፍል ያለው ስፋት በጠቅላላው 14 ሜትር ኩብ ነው። ቀሪው የት ይሄዳል? በሩን፣ መስኮቱንና ጣሪያውን እየገፋ ይወጣል። የቦይለር ፍንዳታ የምንለው ክስተት ይህ ነው። የሚያቃጥለው እሳት የለም፤ የሚያፈርሰው የውኃው ድንገተኛ መትነን ነው።

ከታሪክ ማኅደር

የማስተንፈሻ ቫልቭ ታሪክ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፒን እ.ኤ.አ. በ1679 በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ያሳየው ዕቃ አጥንት እስኪለሰልስ የሚቀቅል፣ ክዳኑ የተጠበቀ ድስት ነበር። ፓፒን እንዲህ ያለ ድስት አደገኛ መሆኑን ስለ ተረዳ፣ በክብደት የተጫነ ዘንግ ያለው መተንፈሻ አበጀለት። ዛሬ በፕሬዠር ድስታችን ክዳን ላይ የሚያፏጨው ክፍል የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት ባቡር ሲስፋፋ አዲስ ችግር ተፈጠረ። ቫልቩ እንፋሎት ሲያስተነፍስ ኃይል የባከነ የሚመስላቸው የባቡር ነጂዎች ቫልቩን ይጫኑትና ያስሩት ጀመር። እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም እ.ኤ.አ. በ1855 ሁለት ቫልቮችን በአንድ ሞላ ያጣመረ ንድፍ ያወጣው ነጂው ግፊቱን በራሱ ፈቃድ ከፍ ማድረግ እንዳይችል ነው። መሐንዲሱ የታገለው ከእንፋሎቱ ጋር ብቻ አልነበረም፤ «ይህ ነገር እያባከነ ነው» ከሚለው የሰው አስተሳሰብ ጋርም ነበር። በጨርቅ የተወተፈ የመታጠቢያ ቤት ቫልቭ የሚነግረን ያ አስተሳሰብ ዛሬም እንዳልጠፋ ነው።

ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳየው አሳዛኝ ክስተት እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1982 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ስፔንሰር በተባለች ከተማ ደረሰ። ስታር በተባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበረ የውኃ ማሞቂያ ፈንድቶ 6 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሞቱ። የፋብሪካ ወይም የባቡር ቦይለር አልነበረም፤ ለወጥ ቤት አገልግሎት የሚውል ማሞቂያ ነበር። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲበላሽ፣ የደኅንነት ቫልቩም ሥራውን ሊያከናውን በሚችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረም።

ቫልቩ ለምን ይጣበቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት ኖራ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ፣ ድንጋዩን በካልሲየም ባይካርቦኔት መልክ አሟሙቶ ይወስዳል። ውኃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቃል፤ ካልሲየም ባይካርቦኔቱም ወደማይሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጣል። ስኳር በሙቅ ውኃ ይበልጥ ይሟሟል፤ የኖራ ጠባይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀት ባለበት ይዘቅጣል። በሻይ ማፍያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። በቫልቩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። እያንዳንዱ ጠብታ ሲደርቅ የያዘውን ማዕድን በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ትቶ ይሄዳል። ቅርፊቱ ከዓመት ዓመት እየወፈረ መዝጊያውን ከመቀመጫው ጋር እንደ ሲሚንቶ ያያይዘዋል።

ይህ ሁኔታ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንደ ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ካሉ ግድቦች የሚመጣ የገጸ ምድር ውኃ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር ውኃ ያነሰ ማዕድን ይይዛል። የከርሰ ምድሩ ዐለት ኖራ ድንጋይ በሆነባቸው እንደ ድሬዳዋና መቐለ ባሉ ከተሞች ቅርፊቱ ፈጥኖ እንደሚያድግ የሻይ ማፍያ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ዝገትና ደለል ነው። ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ከቧንቧዎች ግድግዳ የተላቀቀ ዝገትና ጭቃ ይዞ ይመጣል፤ ከዚህም ጥቂቱ በቫልቩ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው ምክንያት እንቅስቃሴ ማጣት ነው። ለዓመታት በአንድ ቦታ ተጭኖ የኖረ የጎማ መዝጊያ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፤ ሞላውም ይዝጋል። አራተኛው የእኛው እጅ ሥራ ነው፤ የተወተፈ ጨርቅ፣ የጠበቀ መክደኛ፣ ወይም የመውጫውን ቱቦ ወደ ላይ አዙሮ ውኃ እንዲታቆርበት ማድረግ።

ዝምታ ወርቅ የማይሆንበት ቦታ

አበው «ዝምታ ወርቅ ነው» ይላሉ። በደኅንነት ዕቃዎች ዘንድ ግን ዝምታ የሚያሳስብ ነገር ነው። አምፖል ሲቃጠል ወዲያው እናውቃለን፤ ክፍሉ ይጨልማል። ቫልቭ ሲጣበቅ ግን ምንም የሚጎድል ነገር የለም። ሙቅ ውኃው እንደ ወትሮው ይመጣል፤ እንዲያውም ወለሉ ይደርቃል። ብልሽቱ የሚታወቀው ቫልቩ በሚያስፈልግበት ዕለት ብቻ ነው። መሐንዲሶች ይህን ዓይነቱን ስውር ብልሽት ይሉታል።

ለስውር ብልሽት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳያስፈልግ መፈተሽ። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቫልቭ በ5ኛ ዓመቱ ተጣበቀ፣ ቦይለሩም እስከ 10 ዓመት አገለገለ እንበል። ማንም ካልፈተሸው ቤተሰቡ 60 ወር ያለ ጠባቂ ይኖራል። በየወሩ ቢፈተሽ ግን ብልሽቱ በአማካይ በ15 ቀን ውስጥ ይደረስበታል። ያለ ጠባቂ የሚያልፈው ጊዜ 120 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ይህን ልዩነት የሚያመጣው በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቫልቩ ከቴርሞስታቱ የሚለይበት አንድ ቁም ነገርም አለ። ቴርሞስታቱና ማቋረጫው ሁለቱም በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ አንድ የተሳሳተ ጥገና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። ቫልቩ ግን ኤሌክትሪክ አያውቅም። ሞላና ጎማ ብቻ ነው። የመጨረሻው ጠባቂ ተብሎ የተቀመጠውም ስለዚህ ነው።

እንዴት እንፈትሸው?

በመጀመሪያ የቦይለሩን ኤሌክትሪክ ከብሬከሩ ይዝጉ። ቀጥሎ የመውጫው ቀዳዳ ክፍት መሆኑንና የሚወጣው ውኃ ሰው ላይ እንደማይፈስ ያረጋግጡ፤ ሙቅ ሊሆን ይችላልና ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡ፤ ልጆችን ያርቁ። ከዚያ በቫልቩ ላይ ያለውን ትንሽ ማንሻ በቀስታ አንሥተው ለጥቂት ሰከንዶች ይያዙና ይልቀቁ። ማንሻ የሌለው ቫልቭ ከሆነ በዚህ መንገድ ሊፈተሽ አይችልም፤ ማንሻ ባለው መተካቱ ይመረጣል።

ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች አንዱ ይታያል። ውኃው ወጥቶ ማንሻው ሲለቀቅ ከቆመ ቫልቩ ጤነኛ ነው። ወጥቶ ከዚያ ማንጠባጠቡን ካላቆመ ምናልባት ደለል በመቀመጫው ላይ ቀርቷል፤ ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በማንሣት ማጠብ ይቻላል። ቀንና ሌሊት፣ ቦይለሩ ጠፍቶም ጭምር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይ ጎማው አልቋል፣ ወይ የመንገዱ ውኃ ግፊት ከፍተኛ ነው። የመጀመሪያው ቫልቩን በመቀየር፣ ሁለተኛው በመግቢያው ላይ የግፊት መቀነሻ በመግጠም ይስተካከላል። ሦስተኛው ውጤት ማንሻው አልነሣ ማለቱ ወይም ተነሥቶ ምንም ውኃ አለመውጣቱ ነው። በመስመሩ ላይ ውኃ እያለ ይህ ከሆነ ቫልቩ ተጣብቋል።

ተጣብቆ ከተገኘ

ቦይለሩ አይብራ። ይህ የመጀመሪያውና ዋናው ነው። ቫልቩን በመዶሻ መምታት፣ ማንሻውን በፒንሳ ማስገደድ ተገቢ አይደለም። ነሐሱ ሊሰነጠቅ፣ ተጭኖ የነበረው ሙቅ ውኃም ድንገት ሊወጣ ይችላል። በሆምጣጤ ቅርፊቱን ማሟሟት ይቻላል የሚሉ አሉ። እርግጥ ሆምጣጤ ካልሲየም ካርቦኔትን ያሟሟል፤ ለሻይ ማፍያ መልካም ነው። ነገር ግን በቫልቩ ውስጥ ያለው ሞላ ምን ያህል እንደ ዛገ፣ ጎማው ምን ያህል እንደ ደረቀ ከውጭ አይታይም። ዛሬ በሆምጣጤ የተከፈተ ቫልቭ ነገ በ8 ባር ስለ መከፈቱ ምንም ማረጋገጫ የለንም። የአንድ አዲስ ቫልቭ ዋጋ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ መቀየር ይሻላል።

ቅያሬው በቧንቧ ሠራተኛ ቢሠራ ይመረጣል፤ ቅደም ተከተሉን ማወቅ ግን ለባለቤቱም ይጠቅማል። ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ተዘግቶ ውኃው እስኪቀዘቅዝ፣ ቢቻል ሙሉ ቀን ይጠበቃል። ከዚያ የቀዝቃዛ ውኃው መግቢያ ሳራቺኔስካ ይዘጋል፤ የሙቅ ውኃ ቧንቧ ይከፈትና ግፊቱ ይለቀቃል። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ አሮጌው ቫልቭ ይፈታል፤ የመክፈቻ ግፊቱ አምራቹ ለቦይለሩ ከወሰነው ጋር የሚስማማ፣ የፍሰት ቀስቱም ወደ በርሜሉ የሚያመለክት አዲስ ቫልቭ ይገጠማል። በቫልቩና በበርሜሉ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ ፈጽሞ አይገባም፤ መዝጊያው ከተዘጋ ቫልቩ እንደ ሌለ ይቆጠራልና። የመውጫው ቱቦ ወደ ታች አዘንብሎ፣ ጫፉ ክፍትና የሚታይ ሆኖ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ይመራል። ጠብታው ወለል ማርጠቡ ነበር ችግሩ፤ እነሆ መፍትሔው። ኤሌክትሪኩ የሚከፈተው በርሜሉ ዳግም ሞልቶ በሙቅ ውኃ ቧንቧ በኩል ውኃ ያለ ማቋረጥ ሲፈስ ብቻ ነው።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከሙቅ ውኃ ቧንቧ እንፋሎት እየተፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ከቦይለሩ የመንተክተክ ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ቀዝቃዛው ቧንቧ ሙቅ ውኃ ከሰጠ፣ ውኃው ከልክ በላይ ሞቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ቫልቩን መነካካት አይገባም። ኤሌክትሪኩን ከዋናው ብሬከር መዝጋት፣ ከክፍሉ መውጣት፣ ቤተሰቡንም ማስወጣትና ለብዙ ሰዓታት እንዲቀዘቅዝ መተው ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱም ቫልቩም በባለሙያ ሳይፈተሹ ቦይለሩ ዳግም አይበራም።

የሙቀት መጠኑን በ60 ዲግሪ አካባቢ መወሰንም ይጠቅማል። ከዚህ በላይ ሲሆን ኖራው ፈጥኖ ይዘቅጣል፤ ሙቅ ውኃውም ይበልጥ ያቃጥላል። ከ50 በታች ሲሆን ደግሞ እንደ ሌጂዮኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች በበርሜሉ ውስጥ ሊራቡ ይችላሉ። 60 ዲግሪ ውኃም ቢሆን በጥቂት ሰከንዶች ቆዳ ይጎዳልና ሕፃናት የሚታጠቡት ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ይሁን።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባብያን

በቀዝቃዛ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁበት ቦይለር ሌላ ዓይነት ቢሆንም ሕጉ አይለወጥም። በዝግ የማሞቂያ መስመር ውስጥ ውኃው ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ነው፤ የሚሰፋውን ውኃ የሚቀበል፣ በውስጡ አየርና የጎማ መጋረጃ ያለው የማስፊያ ዕቃ አለው፤ የደኅንነት ቫልቩም ብዙ ጊዜ በ3 ባር ይከፈታል። እዚያ ቫልቩ ደጋግሞ ማንጠባጠቡ የማስፊያ ዕቃው አየሩን እንዳጣ የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል። በራዲያተሮች ላይ ያሉት የሙቀት መቆጣጠሪያ ቫልቮችም በጋውን ሙሉ ተዘግተው ሲከርሙ መርፌያቸው ይጣበቃል፤ በበጋ ክፍት አድርጎ መተው ይህን ይከላከላል። ጋዝ የሚነካ ማንኛውም ሥራ ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። በእስራኤል በየጣሪያው የሚታየው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ «ዱድ»ም ሆነ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ እየበዛ የመጣው መሰሉ በመስመሩ ላይ የማስተንፈሻ ቫልቭ ካለው ያው ምርመራ ይመለከተዋል። የፀሐይ ማሞቂያ እንደ ኤሌክትሪኩ በብሬከር የሚጠፋ አይደለምና ሥራው ማለዳ፣ ውኃው ሳይሞቅ ቢከናወን ይመረጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ አጭር ነው። በቦይለሩ ሥር ባልዲ ማስቀመጥ፣ ማንሻውን በወር አንድ ጊዜ ማንሣት፣ ጠብታውንም ከመወተፍ ይልቅ መንገድ ማበጀት። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ ቦይለሩን ከማብራቱ በፊት የቫልቩ ቀዳዳ ክፍት መሆኑን ቢመለከት፣ እኛም የጻፍንበትን ዓላማ እንዳገኘን እንቆጥረዋለን።